ከተከዜ ቆላ እስከ ስሜን ደጋ፤ ስለ ገብስና ስለማይታየው የፀሐይ ጨረር

ከትግራይ ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው የተከዜን ሙቀት አይረሳውም። ወንዙ የሚፈስሰው ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ በማይሞላ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ድልድዩን ስንሻገር ነፋሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ፊታችንን ይለበልበው ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቷል። እኛም ከዓመታት በፊት ለመንግሥት ሥራ ታዝዘን፣ ከአንድ ባልደረባችን ጋራ ወደ ስሜን ተራሮች እንጓዝ ነበር።

አዲ አርቃይንና ዛሪማን ካለፉ በኋላ መንገዱ ከሊማሊሞ ገደል ሥር ይደርሳል። ይህ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ቋጥኙን እየፈለፈሉ የሠሩት ጠመዝማዛ መንገድ፣ መኪናውን አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያዞረ ወደ ሰማይ ያወጣዋል። ከታች ሲነሡ ሸሚዝ የከበደው ሰው፣ ከላይ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ደባርቅ ከተማ የምትገኘው በ2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ መንገደኛው በአንድ ቀን ጉዞ ከቆላ ተነሥቶ፣ ወይና ደጋን አልፎ፣ ደጋ ይገባል ማለት ነው።

በተከዜ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ የነበረው ባልደረባችን፣ የደባርቅ ብርድ ሲነካው «እንግዲህ ፀሐዩ ቀረ» ብሎ ባርኔጣውን ከሻንጣው ውስጥ ከተተው። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ በማሳ መካከል ስንዘዋወር ውለን ማታ ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ግን፣ የአፍንጫው ቆዳ ተልጦ ከንፈሩም ተሰነጣጥቆ ነበር። «ይህ የነፋስ ሥራ ነው» አለ። ያሳደሩን እመቤት ቅቤ እያመጡለት፣ «የለም ልጄ፤ የደጋ ፀሐይ ሳያስታውቅ ነው የሚበላ» አሉት። ይህ የእመቤቲቱ ቃል የጽሑፋችን መነሻ ሆነ።

ቆላው ይሞቃል፤ ደጋው ይበርዳል። ታዲያ የደጋው ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ቆዳን የሚልጥበት ምክንያት ምንድን ነው? ምላሹ፣ ሙቀትና ጨረር አንድ ነገር ስላልሆኑ ነው። በቆላ አየሩ ወፍራም ስለ ሆነ ሙቀትን አቅፎ ያቆያል። በደጋ ግን አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን አይይዝም፤ ጨረርንም አጥብቆ አያግድም።

የፀሐይ ብርሃን ዓይናችን ከሚያያቸው ከቀይ እስከ ሐምራዊ ካሉት ቀለሞች ብቻ የተሠራ አይደለም። ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1801 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) በብርሃን የሚጠቁረውን የብር ጨው ወስዶ በየቀለሙ ላይ ሲፈትን፣ ከሐምራዊው ወዲያ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ጨው ይበልጥ ፈጥኖ ሲጠቁር አገኘው። ያ የማይታይ ጨረር ዛሬ አልትራቫዮሌት ይባላል፤ ትርጉሙም «ከሐምራዊ ወዲያ» ማለት ነው። ሊቃውንት ጨረሩን በሦስት ይከፍሉታል። «ኤ» የሚባለው ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር፣ «ቢ» የሚባለው ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር፣ «ሲ» የሚባለው ከ100 እስከ 280 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ነው። ናኖሜትር ማለትም አንዱን ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ከፍለን የምናገኘው መጠን ነው። ሞገዱ ባጠረ መጠን ጉዳቱ ይበረታል። ሆኖም «ሲ» ከአየር ተውጦ ይቀራል፤ ከምድርም አይደርስም። ከ«ቢ» የሚበዛውን በሰማይ ያለው የኦዞን ንጣፍ ያስቀረዋል፤ የተረፈው ጥቂቱ ግን ይደርሳል። የገብሱና የባልደረባችን አፍንጫ ጠላት ይህ ጥቂት ትርፍ ነው።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በጠራ ሰማይ ደባርቅ ላይ የሚወርደው ጨረር ተከዜ ድልድይ ላይ ከሚወርደው ከመቶ 20 ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በዚህም ላይ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ከአናታችን በላይ ትቆማለች፤ የኦዞኑም ንጣፍ በእኛ በኩል ከሰሜኑ ዓለም ይልቅ በተፈጥሮው ስስ ነው። ሰው ይህን ሲያውቅ ባርኔጣ ይደፋል፤ ጥላ ይይዛል፤ ከዛፍ ሥር ይጠለላል። ገብስ ግን ሥሩ በምድር ተይዞ፣ ከበቀለበት ቀን አንሥቶ እስከሚታጨድበት ቀን ድረስ ከዚያው ቆሞ ይውላል። ከፀሐይ ቢሸሽም የሚበላው ያጣል፤ ምግቡን የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ነውና።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የታዘዝንበት ሥራ በአካባቢው የሚዘሩትን የገብስ ዓይነቶች መዝግበን እንድናቀርብ ነበር። በተሰጠን ወረቀት ላይ አራት ዓምዶች ነበሩ፤ የመጨረሻው ዓምድ «ይለወጥ» ወይም «ይቆይ» ተብሎ የሚሞላ ነው። «ይለወጥ» የተባለው ዘር ቀስ በቀስ ከማሳ ወጥቶ፣ ብዙ ምርት በሚሰጥና ገበያ በሚወድደው ነጭ ዘር ይተካል። ሐሳቡ በጎ እንደ ነበረ አንጠራጠርም። ብዙ ምርት የማይወድ ገበሬ የለም።

ከደባርቅ ወጥቶ ወደ ሳንቃ በር በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለ አንድ ማሳ ደረስን። ገብሱ ደርሷል። ስንቀርበው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ነጩ፣ ጥቁሩና ወይን ጠጅ መልክ ያለው በአንድነት ተደባልቀው ቆመዋል። ባለ ማሳው ዕድሜያቸው የገፋ አርሶ አደር ነበሩ። ባልደረባችን ወረቀቱን አውጥቶ፣ «አባታችን፣ ይህን ጥቁሩን ስለምን አይተዉትም? ገበያ የሚፈልገው ነጩን ነው» አላቸው።

ሽማግሌው በትሩን ተደግፈው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ጌቶች፣ ነጩንም እዘራለሁ፤ እህል አልንቅም። ግን ይህ ዘር ከአባቴ የወረስሁት ነው። ውርጩንም ፀሐዩንም ያውቀዋል። ሁሉም አንድ ዓመት አይከዳኝም፤ አንዱ ሲያምጥ ሌላው ይደርስልኛል» አሉ።

ባልደረባችን እንደ ማስታወስ ብሎ፣ «እንግዲህ ፀሐዩን የሚችለው ስለ ጠቆረ ይሆናል» አለ።

ሽማግሌው ሣቁ። «ልጄ፣ ፍሬው የሚጠቁረው እኮ ሲደርስ ነው። ቡቃያው ሳለ ነጩም ጥቁሩም ያው አረንጓዴ ነው። ፀሐዩ የሚከብደው ደግሞ በቡቃያው ላይ ነው። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩኝ። ፀሐዩን የሚችለው የገብሱ ምኑ ነው?»

ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። ወረቀቱን አጥፈን ከኪሳችን ከተትነው፤ «ተመልሰን እንነግርዎታለን» ብለንም ተሰናበትናቸው። ይህን ስንል የልባችን ሐፍረት ከባድ ነበር። በእኛ አገር ገብስ ስገም ይባላል፤ ጥሕሎውንም በሶውንም እየበላን አድገናል። አማርኛ ተናጋሪውም «ገብስ የእህል ንጉሥ» ይላል። ንጉሥ ብለን የምንጠራውን እህል በወረቀት ላይ ልንሽር ተነሥተን፣ ስለ እርሱ አንዲት ጥያቄ መመለስ አቃተን።

በዚያች ሌሊት ደግሞ ሌላ የቆየ ጥፋታችን ትዝ አለን። ቀድሞ በምንሠራበት በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ በመስተዋት ቤት ውስጥ የቲማቲም ችግኝ አፍልተን ነበር። ችግኙ ለምለም ሆኖ ባደገ ጊዜ፣ አንድ ቀን ጧት ሁሉንም አውጥተን በሜዳ ላይ ተከልነው። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ ነጥቶ እንደ ወረቀት ደረቀ። ውኃ አልጎደለበትም፤ ተባይም አልነካውም። አትክልተኛው ሽማግሌ አይተው፣ «ፀሐይ ሳያውቁ አድገው ፀሐይ ገደላቸው» ያሉትን ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ቆጥረነው ነበር። በወንጌል ስለ ዘሪው የተነገረውን ምሳሌ በልጅነታችን ስንማር የችግሩ መነሻ የሥር እጦት እንደ ሆነ ሰምተናል፤ የእኛ ችግኝ ግን ሥር ነበረው። ያጣው ሌላ ነገር ነበር። ከጉዞው ተመልሰን መጻሕፍት ስናገላብጥ ለሽማግሌው ገበሬም ለሽማግሌው አትክልተኛም ምላሹ አንድ ሆኖ አገኘነው።

በመጀመሪያ ጉዳቱን እንመልከት። በእያንዳንዱ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል ረጅም የትእዛዝ ጽሑፍ አለ። የተጻፈውም በአራት ፊደላት ነው። የ«ቢ» ጨረር በዚህ ጽሑፍ ላይ ሲወድቅ፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ፊደላት አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ጽሑፉን የሚያነብበው የሕዋሱ መሣሪያ ከዚያ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ወይም አሳስቶ ያነብባል። ከዚህም ሌላ ጨረሩ ቅጠሉ ምግብ የሚሠራባቸውን ፕሮቲኖች ያበላሻል። በዚህ ምክንያት ተክሉ ይቀጭጫል፤ ቅጠሉም ይነጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ዓይን የሌለው ተክል የማይታየውን ጨረር በምን ያውቀዋል? የሚል ነው። ይህ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ የቆየ ምሥጢር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን ተመራማሪዎች «ዩ.ቪ.አር. 8» የተባለው ፕሮቲን የዚህ ጨረር ተቀባይ መሆኑን አረጋገጡ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቅርጹ ተገለጠ። ይህ ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሁለት ዘበኞች ይኖራል። በውስጡ ትሪፕቶፋን የተባሉ ክፍሎች አሉ፤ የ«ቢ» ጨረር ሲያርፍባቸው ሁለቱ ዘበኞች ይላቀቃሉ። የተላቀቀው ዘበኛ የሕዋሱን ትእዛዝ ከያዘው ማእከል ገብቶ፣ ጨረር በሌለበት ጊዜ የመከላከያውን ሥራ አግዶ ከሚይዘው ከሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። እገዳው ሲነሣ፣ ተኝተው የነበሩት የመከላከያ ዘረ መሎች ይነቃሉ። ጨረሩ ሲያልፍ ዘበኞቹ እንደገና ተያይዘው ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ።

የነቁት ዘረ መሎች የሚያዝዙት ምንድን ነው? ዋናው ትእዛዝ መጋረጃ እንዲሠራ ነው። ተክሉ ፌኒል አላኒን የተባለውን የፕሮቲን ግብዓት ወስዶ፣ በልዩ ልዩ ኢንዛይሞች እጅ እየተቀባበለ፣ ፍላቮኖይድ የሚባሉ ቅመሞችን ይቀምማል። እነዚህንም በቅጠሉ የላይኛ ቆዳ ውስጥ ያከማቻቸዋል። የፍላቮኖይድ ጠባይ የሚያስደንቅ ነው። የ«ቢ»ን ጨረር ይውጣል፤ ለምግብ ሥራ የሚያስፈልገውን የሚታይ ብርሃን ግን ያሳልፋል። ጥሩ ወንፊት ግርዱን አስቀርቶ ዱቄቱን እንደሚያሳልፍ ማለት ነው። በገብስ ቅጠል ውስጥ ከሚገኙት ፍላቮኖይዶች ዋኖቹ ሳፖናሪንና ሉቶናሪን ይባላሉ። እነዚህ ለዓይን የሚታይ ደማቅ ቀለም የላቸውም። ተመራማሪዎች ፍላቮኖይድ መሥራት የተሳነውን የገብስ ዓይነት ከጤነኛው ጋር አስተያይተው በፈተኑ ጊዜ፣ መጋረጃ በሌለው ቅጠል ጨረሩ ጠልቆ ገብቶ ከፍ ያለ ጉዳት ማድረሱን አይተዋል።

እንግዲህ የቲማቲሙ ችግኝ ለምን እንደ ሞተ ግልጽ ሆነ። መስተዋት የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል፤ የ«ቢ»ን ጨረር ግን ያግዳል። በመስተዋት ቤት ያደገው ችግኝ ጨረሩን ስላላየ ዘበኞቹ አልተላቀቁም፤ መጋረጃውም አልተሠራም። ድንገት ከሜዳ ስናወጣው ዕራቁቱን ከጦር ሜዳ እንደ ወጣ ወታደር ሆነ። በርግጥ የብርሃኑ ብዛትና ነፋሱም በጥፋቱ ድርሻ ነበራቸው። በየቤታችሁ ችግኝ የምታፈሉ እመቤቶችና አባወራዎች ሁሉ ከእኛ ስሕተት ተማሩ። ችግኙን በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል በጧት ፀሐይ አውጡት፤ በየቀኑም ሰዓቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ድረስ አለማምዱት። ከዚያ በኋላ ብትተክሉት ይጸድቃል።

መጋረጃው ግን ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም፤ አንዳንዱ ሾልኮ ይገባል። ለዚህም ተክሉ ጠጋኝ አለው። ፎቶሊያዝ የሚባል ኢንዛይም የተጣበቁትን ሁለት ፊደላት ፈልጎ አግኝቶ ያላቅቃቸዋል። ይህን የሚሠራበትን ኀይል የሚያገኘው ከሰማያዊው ብርሃን ነው፤ ማለት ጉዳቱን ያመጣችው ፀሐይ መድኃኒቱንም ይዛ ትመጣለች። ይህ ኢንዛይም እኛ ሰዎች የሌለን መሆኑ ያስገርማል። የሰው ሕዋስ የተጎዳውን ክፍል በሌላ መንገድ ቆርጦ ያወጣል እንጂ እንደ ገብሱ በብርሃን አይጠግነውም።

እስካሁን የተናገርነው አንድ ተክል በሕይወቱ ሳለ የሚያደርገውን ነው። ይህን ልማድ ልንለው እንችላለን። ከልማድ ሌላ ደግሞ ውርስ አለ። ልዩነቱን ለመረዳት የጃፓን ሩዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጃፓን ሳሳኒሺኪና ኖሪን 1 የሚባሉ ሁለት የታወቁ የሩዝ ዝርያዎች አሉ። የመጀመሪያው የ«ቢ»ን ጨረር ይችላል፤ ሁለተኛው በቶሎ ይጎዳል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ፣ ከላይ በጠቀስነው ጠጋኝ ኢንዛይም ውስጥ በ126ኛው ስፍራ ላይ ያለ አንድ ግብዓት ብቻ ተለውጦ አገኙት። በአንድ ግብዓት ለውጥ የኖሪን 1 ጠጋኝ እጁ ደከመ። ይህ ድካም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ችግኙን በማለማመድም አይድንም።

በቲቤት ከፍተኛ አምባ ላይም ሕዝቡ ቺንኬ የሚባለውን ልብሱን በቀላሉ የሚጥል ገብስ ከጥንት ጀምሮ ይዘራል። የላሳ ከተማ እንኳ የምትገኘው በ3,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የቺንኬን ዘር የመረመሩ ሰዎች፣ ጨረሩን የሚመክቱትን ቅመሞች የሚሠሩት ዘረ መሎች በብዙ ትውልድ ምርጫ ተጠናክረው እንደሚገኙ አመልክተዋል። ምርጫ ስንል ገበሬው ስለ ጨረር አውቆ መረጠ ማለታችን አይደለም። በደጋው ፀሐይ የቀጨጨው ጥቂት ፍሬ ሰጠ፤ የጸናው ብዙ ሰጠ፤ ገበሬውም ለዘር ያስቀረው ከጸናው ነው። ይህ በየዓመቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደጋገም፣ ዘሩ አገሩን አወቀ። ሽማግሌው «ውርጩንም ፀሐዩንም ያውቀዋል» ያሉት የዚህ ታሪክ አጭር ቃል ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ጥቁሩ ፍሬ የነበረን ግምት ስሕተት እንደ ነበረ ተረዳን። የጥቁር ገብስ ጥቁረት ሜላኒን ከሚባል ቀለም፣ የወይን ጠጁ መልክ ደግሞ አንቶሲያኒን ከሚባል ከፍላቮኖይድ ወገን ከሆነ ቀለም የሚመጣ ነው። ሁለቱም በፍሬው ላይ የሚታዩት ሲደርስ ነው። ቡቃያውን የሚጠብቀው መጋረጃ ግን ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ከማሳ ዳር ቆሞ በመልክ ብቻ «ይህ ጠንካራ ነው፤ ያ ደካማ ነው» ብሎ መፍረድ አይቻልም። ባልደረባችን ጥቁሩን ስለ ጥቁረቱ ሊጥለው ነበር፤ ቀጥሎም ስለ ጥቁረቱ ሊያመሰግነው ፈለገ። በሁለቱም ፍርዱ ከመልክ አላለፈም። እኛም ከእርሱ የተሻልን አልነበርንም።

በመልክ የማይታይ ሀብት በአገራችን ገብስ ውስጥ እንዳለ ዓለም ከመሰከረ ቆይቷል። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎንደርና በአክሱም በኩል ወደ አስመራ ሲጓዝ፣ የስንዴና የገብስ ዘር እየሰበሰበ በብዛቱ ተደንቋል። በኋላም በክሽክሽ የሚተላለፍና ገብስን አቢጭቶ የሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የካሊፎርኒያን ማሳ ባስቸገረ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያን ገብስ ለብዙ ዘመን ሲዘራ የኖረው ገበሬ ዘሩ ይህን ኀይል እንደ ያዘ አላወቀም ነበር። ገና ስሙ ያልተሰማ በሽታ መድኃኒቱ አስቀድሞ በእርሱ ጎተራ ተቀምጦ ነበር። ይህን የመሰለ ዘር እንዳይጠፋ በ1976 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዘር ማከማቻ ማእከል ተቋቁሟል፤ ይኸው ተቋም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል።

ስለ ጨረሩ ስንናገር ስለ ኦዞንም አንድ ቃል ማከል ይገባናል። በ1985 ዓ.ም. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ በላይ ያለው የኦዞን ንጣፍ በጸደይ ወራት እጅግ እየሳሳ መሄዱን አስታወቁ። ምክንያቱም በማቀዝቀዣና በመርጫ ዕቃዎች ውስጥ የነበሩ ሰው ሠራሽ ቅመሞች ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. መንግሥታት በሞንትሪያል ከተማ ስምምነት ተፈራርመው እነዚህን ቅመሞች ማስቀረት ጀመሩ፤ ንጣፉም ቀስ በቀስ በማገገም ላይ ነው። ስምምነቱ ባይደረግ ኖሮ፣ ለዘመናት በተለመደ ጨረር የተፈተነው እህል ሁሉ ያልለመደው ፈተና በመጣበት ነበር።

በመጨረሻ ወደ ወረቀታችን እንመለስ። የ«ይለወጥ» ዓምድ ባዶ ሆኖ ስናቀርበው አለቃችን ምክንያቱን ጠየቁን። «ጥቁሩ ገብስ ከነጩ ይልቅ ጨረሩን እንደሚችል ማስረጃ አላችሁን?» አሉ። እኛም እውነቱን ተናገርን። «የለንም፤ የዚያን ማሳ ገብስ በጨረር የለካው ሰው መኖሩን አላገኘንም። ነገር ግን እንደማይችልም ማስረጃ የለንም። ካልለካነው ነገር ላይ የምንሰጠው ፍርድ ደግሞ የማይመለስ ነው። ዘር አንድ ጊዜ ከጎተራ ከወጣ በገንዘብ አይገዛም» አልን። አለቃችን ብዙ አሰቡ። ከዚያም በዓምዱ ላይ በገዛ እጃቸው «ሳይመረመር አይለወጥ» ብለው ጻፉበት። ነጩም ዘር እንዲታደል፣ የጥንቱም ናሙና ተወስዶ ከዘር ማከማቻው እንዲላክ አዘዙ።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስሜን ስንወጣ ባልደረባችን ባርኔጣውን ከራሱ አላወረደም። ሽማግሌውን ከዚያው ማሳ ዳር አገኘናቸው፤ ስለ ዘበኞቹ፣ ስለ መጋረጃውና ስለ ጠጋኙም እንደ ቻልነው አስረዳናቸው። በጥሞና አድምጠው ሲያበቁ ከቡቃያው አንድ ቅጠል ቀጥፈው በፀሐይ ፊት አንሥተው ተመለከቱት። «ታዲያ መጋረጃው አይታይም?» አሉ። «አይታይም አባታችን» አልን። ቅጠሉን ለባልደረባችን ሰጥተውት፣ «እንግዲያው ሳያዩ መጠበቅ ነው» ብለው ወደ አረማቸው ተመለሱ።